«ትንሽ ይነዝራል እንጂ ጥሩ ነው»



የዛሬው ጽሁፌ ስለ ታክሲ አይደለም፤ ስለ ቦይለር ነው። ይረዝማል። ሥራ ላይ ያላችሁ ለማታ አቆዩት። መሪ ጨብጣችሁ የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ በእናታችሁ ስልኩን አስቀምጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ ግም ሲል ጀምሮ በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጎርፍልኛል። «ወንድሜ፣ ለእናቴ ሻወር የሚያሞቅ ነገር ልልክላት ነው፣ የቱ ይሻላል?» ጥያቄው ወደ እኔ የሚመጣው ታክሲ ከመያዜ በፊት አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ሽቦ ስስብ እንደኖርኩ የምታውቁ ስላላችሁ ነው። ፎቶ ይላክልኛል፣ ሊንክ ይላክልኛል፣ ዋጋ ይወዳደርልኛል። ነጩ ይሻላል ወይስ ብርማው ብሎ የጠየቀኝም አለ። እስካሁን ግን «እናቴ ቤት ኧርዝ አለ ወይ?» ብሎ የጀመረ አንድ ሰው አላጋጠመኝም።

ስለዚህ አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። ኧርዝ ያልተዘረጋበት፣ ሰውን ሲነዝር ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ያልገባበት ቤት ውስጥ ምንም ዓይነት የኤሌክትሪክ የውሃ ማሞቂያ መገጠም የለበትም። ያቺን ሻወሩ ጫፍ ላይ የምትጠመዘዘዋን ትንሿን ደግሞ ጨርሶ አትላኩ። እንኳን አዲስ ልትልኩ፣ የተላከውንም አስነቅሉ።

«አበዛኸው» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ቆይ ስሙኝ።

አንድ ወዳጄ ባለፈው ዓመት ለእናቱ ይህችን ትንሿን ልኮ ነበር። ደስታው ልዩ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። በቪዲዮ ደውሎ ስፒከር ላይ አድርጎ «እማዬ፣ እንዴት ነው ሻወሩ?» ሲላት፣ «ተባረክ ልጄ፣ ውሃው እንደ ጠበል ነው እንዳልልህ ይሞቃል፤ ትንሽ ይነዝራል እንጂ ጥሩ ነው። እኔ በጫማ ነው የምታጠበው» አለችው። ወዳጄ ሳቀ። ነጠላ ጫማ አድርጋ ስትታጠብ ታይታው ይሆናል። እኔ ግን ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ ሽቦ ስስብ በኖርኩበት ጊዜ ይህንን ቃል ስንት ቤት ሰምቼዋለሁ መሰላችሁ! «ትንሽ ይነዝራል።» ስለ ወጥ ጨው የሚናገሩ ይመስል። ሰዉ ለምዶታል። ጫማ ያደርጋል፣ ቧንቧውን በፎጣ ይዞ ይከፍታል፣ ልጆቹን «በእርጥብ እጅህ እንዳትነካው» ይላል፣ ኑሮ ይቀጥላል።

ወገኖቼ፣ ውሃ አይነዝርም። ውሃ ከነዘረ መብራቱ ሰውየውን መንገድ አድርጎ ወደ መሬት እየሄደ ነው ማለት ነው። ዛሬ «ትንሽ» የሆነው ጫማው ደረቅ ስለሆነ፣ የተበላሸው ቦታ ገና ጠባብ ስለሆነ ነው። ነገ ጫማው ሲያረጅ፣ ወለሉ ሲጨቀይ፣ አንድ እጅ ብረቱን ሲይዝ ያው ነገር ትንሽ አይሆንም።

እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ፤ የምታውቁት እለፉት። ቦይለር ሆነ ሻወር፣ ውስጡ ኤለመንት የሚሉት አለ። ከመሃል የሚግል ቀጭን ሽቦ፣ ዙሪያውን መብራት የማያሳልፍ ነጭ ዱቄት፣ ከውጭ የብረት ቱቦ። ውሃው የሚነካው ቱቦውን ብቻ ነው። ኤለመንቱ አዲስ እያለ ችግር የለም። ዓመት ሁለት ዓመት ሲሠራ ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም እየጋገረበት፣ ቱቦው እየዛገ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባና ፌዙን ያገኘዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ውሃውም፣ ቧንቧውም፣ የቦይለሩ ቆርቆሮም መብራት ተሸክሟል። ከሻወር ጫፏ ማሞቂያዎች መካከል ደግሞ እንዲህ ያለ ቱቦ እንኳ የሌላቸው፣ የጋለው ሽቦ ራቁቱን ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈባቸው አሉ። እነሱ ስንጥቅም አያስፈልጋቸው።

እዚህ ላይ ነው ኧርዝ የሚባለው ነገር የሚመጣው። አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለው ሦስተኛው ሽቦ። ሥራው መንገድ መስጠት ነው፤ መብራቱ በሰው በኩል ከሚሄድ በሱ በኩል ወደ መሬት ይሂድ ነው ነገሩ። ጤነኛ ቀን ላይ ምንም አይሠራም። ለዚህም ነው ማንም የማያስታውሰው። ኧርዝ የሌለው ቦይለርም ውሃ ያሞቃል፤ ያውም እኩል ያሞቃል። ገጣሚው ሁለቱን ሽቦ አስሮ፣ ሦስተኛውን «ትርፍ ነው» ብሎ በፒንሳ ቆርጦ ቢሄድ፣ እናታችሁ በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ ይታጠባሉ፣ ይመርቁታል፣ ገንዘቡን ይከፍላሉ። የተቆረጠችው ሽቦ የምትፈለገው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ገጣሚው የት እንዳለ ማን ያውቃል።

እስቲ የኔን ሥራ ምሳሌ ላድርገው። መኪናዬን የሚያየው መንገደኛ ወንበሩ ንጹሕ መሆኑን ያያል፣ ሽታውን ያያል። ፍሬን ሸራውን ማንም አይቶት አያውቅም። እኔ ግን ወንበሩን ሳላሳጥብ ውዬ አውቃለሁ፤ ፍሬን ሳይዝ ወጥቼ አላውቅም። እኛ ወደ አገር ቤት የምንልከው ግን ሁሌ ወንበሩን ነው።

አሁን ወደ ብሬከር። ብዙዎቻችሁ «ቤቱ ብሬከር አለው፣ ምን ያስፈራል?» ትሉኛላችሁ። ተራው ብሬከር የተሠራው ለሽቦው እንጂ ለሰው አይደለም። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ከ16 አምፔር በላይ ሲጎተት ሽቦው እንዳይቃጠል ይዘጋል። ሰውን ለመግደል ግን 16 አምፔር አያስፈልግም። በደረት በኩል ካለፈ የአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ ልብን ሊያዛባ ይችላል። አስቡት፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ከዚያ መቶ ስልሳ እጥፍ የሚሆነውን ነው። ሰው ወድቆ፣ ብሬከሩ ግን ተረጋግቶ እንደበራ ይገኛል።

ኧርዝ ብቻውንስ ይበቃል? አይበቃም። ይህንን ብዙ ኤሌክትሪሺያንም አያስተውለው። የመሬት ብረት ግቢ ውስጥ ቀብራችሁ የመሬቱ ተቃውሞ 50 ኦም ሆነ እንበል፤ በደረቅ መሬት ከዚያም ይብሳል። 220 ቮልት ለ50 ሲካፈል 4.4 አምፔር ነው። 4.4 አምፔር 16 አምፔሩን ብሬከር አያዘጋውም። መብራቱ በኧርዙ እየፈሰሰ፣ ቆጣሪው እየቆጠረ፣ ቧንቧውም እየነዘረ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ዕቃ ያስፈልጋል፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አር ሲ ዲ ይባላል፣ መርካቶ ስትጠይቁ ደግሞ የኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር በሉ። በፌዝ የሄደው በኑትራል ሳይጎድል መመለሱን ይቆጣጠራል። 30 ሚሊ አምፔር የሚለውን ነው የምትፈልጉት። 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለ «የሆነ ቦታ በሰው ወይም በመሬት እየሄደ ነው» ብሎ በሰከንድ ሽራፊ ይዘጋል። ኧርዝም እሱም ካሉ፣ ኤለመንቱ በተሰነጠቀበት ቀን ማንም ሳይነካው ይዘጋል፤ እናታችሁ የሚሉት «ሻወሩ መብራቱን እያጠፋ አስቸገረኝ» ብቻ ነው። እሱ ብቻውን ኖሮ ኧርዝ ከሌለ ደግሞ የሚዘጋው ሰው ከተነዘረ በኋላ ነው፤ ቢሆንም ያድናል። ገንዘብ አጥሯችሁ አንዱን ዛሬ አስገቡ ከተባለ እሱን አስቀድሙ፣ ኧርዙን በሚቀጥለው ወር አስከትሉ።

በነገራችን ላይ «ሻወሩ መብራት እያጠፋ አስቸገረ» ሲባል መፍትሄው ይህንን ብሬከር አውጥቶ ተራውን መመለስ የሚመስላቸው አሉ። አይቻለሁ። ጭስ ሲሸት አፍንጫ እንደመያዝ ነው።

አቋራጮቹንም ልንገራችሁ፤ ኤሌክትሪሺያኑ ሲያቀርባቸው እምቢ እንድትሉ። አንደኛው ኧርዙን ከውሃ ቧንቧው ጋር ማሰር ነው። ድሮ ቧንቧው ሁሉ ብረት በነበረ ጊዜ ትንሽ ትርጉም ነበረው። ዛሬ ግማሹ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ጋ ሲደርስ ኧርዙ ያበቃል፤ የቀረው የብረት ክፍል ደግሞ የናንተን መብራት ይዞ ጎረቤት ኩሽና ሊገባ ይችላል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ሶኬቱ ውስጥ ኑትራሉንና ኧርዙን በአጭር ሽቦ ማያያዝ። በቴስተር ሲለካ «ኧርዝ አለ» ያሰኛል። ነገር ግን ኑትራሉ ከፖሉ ወይም ከቆጣሪው ጋ የላላ ቀን፣ ወይም ፌዝና ኑትራሉ የተቀያየሩ ቀን፣ የቦይለሩ ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ኤለመንቱ ጤነኛ ሆኖ እንኳ! ይህ ጥበቃ ሳይሆን ወጥመድ ነው። ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ብረቱን ስላያችሁም አትታለሉ፤ ፊቱ ላይ ብረቱ አለ፣ ከኋላ ግን ሁለት ሽቦ ብቻ የገባበት የቆየ ቤት ሞልቷል።

አሁን ትንሿን ሻወር ለምን እንደምጠላት። ምጣድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይጎትታል፣ 16 አምፔር ማለት ነው። እሱን ለማስገባት ስንት ቤት ወፍራም ሽቦ ለብቻው ተስቧል። ይህቺ በአንድ እጅ የምትያዝ ፕላስቲክ 5 ኪሎዋት ተኩል ከተጻፈባት 25 አምፔር ትጎትታለች። አንድ ምጣድ ተኩል፣ ያውም ራቁታችሁን ቆማችሁ ከራሳችሁ በላይ። እና የት ነው የምትገጠመው? ለአንድ አምፖል ተብሎ መታጠቢያ ቤት በገባ ቀጭን ሽቦ ላይ። ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ መገናኛው ይጠቁራል። እንዲያ ሆኖም ውሃው ያን ያህል አይሞቅም። ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ 18 ዲግሪ የሆነን ውሃ ወደ 40 ለማድረስ 5 ኪሎዋት ተኩል በደቂቃ 3 ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ነው የሚችለው። ማታ መብራት ደክሞ 180 ቮልት ሲሆን ጉልበቱ በአንድ ሦስተኛ ይወርዳል፤ ሁለት ሊትር ተኩል ባልሞላ ውሃ ነው የምትታጠቡት። ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ግፊቱ ትንሽ ከሆነም ጭራሽ አትነሳም። ሮቶው ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ቢል የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነውና።

ከሁሉ በላይ ግን የምጠላት በዚህ ነው፤ ቦይለርን አሙቆ፣ አጥፍቶ፣ ከዚያ መታጠብ ይቻላል። ትንሿን ግን ካላበሩ አይታጠቡባትም። ከራስ በላይ እየሠራች ነው የሚታጠቡት።

ስለዚህ ምርጫዬ ቦይለር ነው፤ 50 ወይም 80 ሊትር፣ 1 ኪሎዋት ተኩል። ከ7 አምፔር አይበልጥም። ለብቻው በተሳበ 2.5 ሽቦ በደንብ ይሠራል። 50 ሊትሩን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ በላይ፣ 80 ሊትሩን ከሁለት ሰዓት ተኩል ትንሽ በላይ ይፈጃል። አንዴ ከሞቀ ለሰዓታት ሙቀቱን ይይዛል። መብራት የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መብራት ባለ ሰዓት ሞቆ፣ በጠፋ ሰዓት ይታጠቡበታል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ብቻ አይብራ፤ ምጣድና ቦይለር አንድ ላይ ከሆኑ ዋናው ብሬከር ይወርዳል።

ሲገጠም ሦስት ነገር አስተውሉ። ክብደቱን፤ 80 ሊትር ውሃ 80 ኪሎ ነው፣ ከነ ቆርቆሮው ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። እሱን በጭቃ ግድግዳ ላይ በተራ ቡሎን ማንጠልጠል የለም። ብሎኬትም ቢሆን ውስጡ ባዶ ነው፤ ካላስተማመነ ብየዳ ቤት የብረት ማስቀመጫ አሠሩለት፣ መሬት ይረግጥ። ቀጥሎ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ፤ ከ7 እስከ 8 ባር ላይ የምትከፈተው። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል፣ 80 ሊትር እስከ 60 ዲግሪ ሲሞቅ አንድ ሊትር ከሩብ ያህል ይጨምራል። የጨመረው በዚያች ቫልቭ ይንጠባጠባል። ጤናዋ ነው! «ታፈሳለች» ብሎ በቡሽ የደፈናት ሰው ግድግዳው ላይ ቦምብ ሰቅሏል። ቱቦ አድርጉላትና ወደ ፍሳሽ ትውረድ። ሦስተኛ፣ ውሃ ሳይሞላ አይብራ። የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ ውሃው ሳያቋርጥ እስኪወርድ መጠበቅ፣ ከዚያ ማብራት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባዶ ቦይለር አብርቶ ኤለመንት ማቃጠል የተለመደ ነው።

ሙቀቱን 60 ላይ ካደረጋችሁት ጀርም አይራባበትም፣ ነገር ግን 60 ዲግሪ ውሃ የሽማግሌ ቆዳ በሰከንዶች ይልጣል። ቀዝቃዛና ሙቁን የሚቀላቅል ሚክሰር ይኑር፤ ቀዝቃዛውን አስቀድሞ መክፈትንም አስለምዷቸው።

ከዚህ ከአሜሪካ ጭናችሁ ለምትሄዱ አንድ ነገር። እዚህ ሱቅ ውስጥ የምታዩት ትንሹ ከእጅ መታጠቢያ ሥር የሚገባው ቦይለር 120 ቮልት ነው። 1440 ዋት የሚለው 220 ላይ ሲሰካ 4800 ዋት አልፎ ይጎትታል፤ ጉልበቱ በቮልቱ እጥፍ ሳይሆን በእጥፉ እጥፍ ነው የሚያድገው። ቶሎ ያልቅለታል። ትልቁ የቤት ቦይለር 240 ቮልት ስለሆነ እዚያ መሥራቱን ይሠራል። ግን እሱን በ23 ኪሎ ሻንጣ እንዴት አድርጋችሁ እንደምትጭኑት ንገሩኝ። የቧንቧው ጥርስም ከዚያኛው ጋር በወጉ አይገጥምም። ከሁሉ በላይ ኤለመንቱ ሲቃጠል መለዋወጫው እዚያ የለም። አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ያለውን ይግዙ፤ ኤለመንቱና ቴርሞስታቱ ሱቁ በሚገኝበት መንደር ይገኛሉ።

የዓረብ አገር እህቶቻችን ዕቃችሁ 220 ወይም 230 ስለሆነ በቮልት አትቸገሩም። የናንተ ችግር ፕላጉ ነው። ባለ ሦስት አራት ማዕዘን እግሩ ፕላግ አገር ቤት ሶኬት ውስጥ አልገባ ሲል ይቆረጣል፣ ሲቆረጥ ያቺ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ «ትርፍ» ትሆናለች። ያው ታሪክ። እናንተማ ቦይለርን ከማናችንም በላይ ታውቁታላችሁ፤ በበጋ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ውሃው ፈልቶ፣ ቦይለሩን አጥፍታችሁ የሱን ውሃ እንደ ቀዝቃዛ የምትጠቀሙ ናችሁ። ከዚያ ሙቀት አጠራቅማችሁ የላካችሁት ገንዘብ ግድግዳ ውስጥ ለሚገባ ሽቦ ሲሆን ሆድ እንደሚብሳችሁ ይገባኛል። ፎቶ የለውም። ጎረቤት አያየውም። «ልጄ ቦይለር ላከችልኝ» ይባላል እንጂ «ልጄ ኧርዝ አስቀበረችልኝ» ብሎ የተመረቀ ሰው አልሰማሁም።

እኔ የምለው ግን እዚህ ላይ ነው። እዚህ በዲሲ ዙሪያ ቤት የገዛችሁ ወዳጆቼ ቦይለር ስትቀይሩ ምን እንዳደረጋችሁ አስታውሱ። ፈቃድ አወጣችሁ፣ ፈቃድ ያለው ሰው ጠራችሁ፣ ለብቻው ባለ 30 አምፔር ብሬከር ገባ፣ ቫልቩ ወደ ወለል በቱቦ ወረደ፣ መርማሪ መጥቶ አየው። ለጉልበቱ የከፈላችሁት ከዕቃው ዋጋ ጋር እኩል ወይም በላይ ነበር፤ እየተነጫነጫችሁም ቢሆን ከፈላችሁ። አገር ቤት ሲሆን ግን «የሰፈር ልጅ ይግጠመው፣ ለሻይ ስጡት» ነው። ልጁን አልናቅሁም፤ እኔም ያ የሰፈር ልጅ ነበርኩ። ለሻይ የተሰጠው ሰው ግን ግቢ ቆፍሮ የመሬት ብረት አይቀብርም፣ ከቆጣሪው ጀምሮ አዲስ ሽቦ አይስብም። የሻይ ሥራ ሠርቶ ይሄዳል። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ የከፋዩ ነው።

«እኛ በባልዲ ታጥበን አድገን የለ፣ ይቅርባቸው» የሚሉም አሉ። በዚህም አልስማማም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ነው፤ የሐምሌን ጠዋት ውሃ የረሳችሁት ራዲያተር ሥር ስለምትተኙ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት የፈላ ውሃ በድስት ይዘው ከኩሽና መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ አስቡት፤ ወለሉ እርጥብ፣ ጉልበቱ ደካማ። ሙቅ ውሃ ለሳቸው ቅንጦት አይደለም። ስለዚህ አትተዉት። በደንብ አድርጉት ነው የምለው። ግቢው ፀሐይ የሚያገኝ፣ ጣሪያው የሚችል፣ ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ የፀሐይ ማሞቂያውን ከወዲሁ አስቡበት፤ እሱን ሌላ ቀን እጽፍበታለሁ።

«ስንቱ ሰው ያለ ኧርዝ አስገጥሞ ምንም አልሆነም» ለሚለኝ ደግሞ፣ አዎ፣ ምንም ያልሆነ ብዙ አለ። ቀበቶ ሳያስር የኔ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰውም ብዙ ነው፣ ሁሉም በሰላም ወርዷል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል በኛ አገር።

እንግዲህ ገንዘቡን ስትልኩ አንድ ላይ «ለቦይለር» ብላችሁ አትላኩ። ለዕቃው ይህን ያህል፣ ለሽቦና ለኧርዝ ይህን ያህል፣ ለዚያ ብሬከር ይህን ያህል፣ ለሠራተኛ ይህን ያህል ብላችሁ ለዩት፤ ሥራው የሚጀመረውም ከሽቦው ይሁን። ቦይለሩ መጀመሪያ ከተገዛ ሳሎን ውስጥ ቆሞ ሁሉንም ሰው ያቻኩላል፣ «ግጠሙትና እንየው» ይመጣል። ሠራተኛው ሲጨርስ በቪዲዮ ደውሉ። ቦይለሩን እንዳያሳያችሁ፤ እሱን ታውቁታላችሁ። ክዳኑን ከፍቶ አረንጓዴና ቢጫዋ ሽቦ የታሰረችበትን ያሳያችሁ። የመሬቱን ብረት የተቀበረበትን ያሳያችሁ፤ እዚህ በአሜሪካ ሕግ 8 ጫማ ነው፣ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል የሚጠጋ። ክንድ የማይሞላ ቁራጭ ብረት አፈር ላይ ሰክቶ ካሳያችሁ ገንዘቡን ያዙ። የኧርዝ ሊኬጅ ብሬከሩ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ አለች፤ እናንተ እያያችሁ ይጫናት። ተጭኖ ካልወረደ ወይ ዕቃው አይሠራም ወይ አልተገናኘም። በየወሩ አንዴ እንዲጫኗት ለቤተሰብ ንገሩ፤ የወሩ የመጀመሪያ ቀን ብትሉ አይረሱትም።

አሁን ቤቱ ውስጥ ያለ ኧርዝ የተገጠመ ቦይለር ያላችሁ ደግሞ እስኪስተካከል አትጠብቁ። እዚህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሥራ ስትወጡ እዚያ በበጋው ሰዓታችን ከጠዋቱ 1 ሰዓት አልፏል፣ እናታችሁ ተነስተዋል። ደውሉና ሁለቱንም መስመር የሚቆርጠው ማጥፊያ የቱ እንደሆነ ከቤት ካለው ሰው ጋር አረጋግጡ፤ ከሌለ ፕላጉ ከሶኬት ይነቀል። ከዚያ «እማዬ፣ መጀመሪያ ይሙቅ፣ ቀጥሎ አጥፊው፣ ከዚያ ግቢ» በሏት። እያጠፋችም ይነዝረኛል ካለች በዚያው ቀን ሰው ይጠራ፤ እስከዚያ ውሃው በድስት ይሙቅና ሌላ ሰው ይሸከምላት።